ስካነሩን ያናገሩት ሴትዮ

ሴትዮዋ በሕንድ አገር፣ በኩታናድ ወደምትገኘው ትንሽ ቤተ መጻሕፍት የገቡት ዝናብ ሊጠለሉ ነበር። ወለሉን እንዳያበላሽ ጃንጥላቸውን ውጭ አራግፈው በሩ ጥግ አቆሙት። ኃላፊዋ ኦማና አሮጌውን ስካነር ልትጥለው ገመዱን ትጠቀልላለች። ጎርፍ የነካቸው የመንደሩ ፎቶግራፎች ሻጋታ ሳይጨርሳቸው ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ነበረባቸው፤ ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት የተጫነበት ኮምፒውተር ግን ስካነሩን አላውቀውም ብሎ አስቸግሯታል።

"ምን በደለሽ?" አሉ ስካነሩን እያዩ።

"አርጅቷል፣ እማማ።"

"እኔም አርጅቻለሁ። የሚያናግረው አጥቶ ይሆናል እንጂ።"

ሳይጋበዙ ተቀመጡ። መነጽራቸውን በሳሪያቸው ደረቅ ጫፍ ወለወሉና በአንድ ጣት ትእዛዝ መጻፍ ጀመሩ። ኮምፒውተሩ ስህተት ነው ሲላቸው አይበሳጩም፤ ሐሜት እንደሚሰማ ሰው "እህ፣ እህ" እያሉ እስከ መጨረሻው ያነቡታል። ስካነሩ ሲነሳ የሚፈልገው ትንሽ ፋይል እንደጎደለ የደረሱበትም እንዲሁ እያነበቡ ነው። ከኢንተርኔት አውርደው ቦታው አስቀመጡት፤ ገመዱን ነቅለው መልሰው ሰኩት። መብራቱ ቦግ አለና ስካነሩ እያጉረመረመ መሥራት ጀመረ።

ኦማና አንድ ፎቶግራፍ መስታወቱ ላይ ስታስቀምጥ ስክሪኑ ላይ ጀልባ የተደገፉ ሙሽሮች ብቅ አሉ። ኦማና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ማን አስተማረዎት?"

"ልጄ ነዋ፣ ከዱባይ በስልክ። እሱ ካረፈ ወዲህ አዲስ የመጣውን ሁሉ ብቻዬን እከታተላለሁ።"

ኦማና የሙሽሮቹን ፎቶግራፍ ከስካነሩ አነሳች። ሴትዮዋ የስካነሩን መስታወት በመዳፋቸው ጠርገው እጃቸውን ዘረጉላት።

"ቀጣዩን አቀብዪኝ፣ ልጄ።"