ራቁቱን የቆመው ግድግዳ

ደባርቅ ውስጥ የዘርፈሽዋል መዳፍ ያልዳበሰው ግድግዳ ጥቂት ነው። ከልጅነቷ ጀምራ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር እያቦካች ስትመርግ ኖራለች። ያልተመረገ ቤት ለእሷ ነጠላ ሳይደርብ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደ ሰው ነው።

ልጇ ገሠሠ ግንበኛ ነው። የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ያሰበው ደርቤ አንድ ፎቶግራፍ አምጥቶ አሳየው፤ እንግሊዝ አገር ያለ የጥንት ቤት። ከእግር እስከ አናቱ ቀይ ጡብ ነው፤ ጣራው ላይ ረጃጅም የጭስ መውጫዎች እንደ ዘብ ቆመዋል። አንዱ ረድፍ ጡብ በረጅም ጎኑ ተጋድሟል፤ ከላዩ ያለው ጠባብ ግንባሩን ወደ ውጭ አውጥቷል፤ እንዲህ እየተፈራረቀ እስከ ጣራው ይወጣል። ደርቤ አስቀድሞ የፊቱን ግድግዳ ብቻ አሠራው። እንደ ፎቶው ካማረ የቤቱን ሥራ በሙሉ ሊሰጠው፣ ካላማረ ግን ከጎንደር ሌላ ግንበኛ ሊያመጣ ነው።

ገሠሠ ሃያ ቀን ለፋበት። ግድግዳው ባለቀ ማግስት ደርቤ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሊያየው ተቀጣጠሩና፣ ገሠሠ በማለዳ ለዘመድ ክርስትና ዳባት ደርሶ ሊመለስ ሄደ።

ልጇ ከሄደ በኋላ ዘርፈሽዋል ግድግዳውን ልታይ መጣች። ልጇ ደክሞት ሳይጨርሰው የተወው መሰላት። ለራሷ ጓዳ ብላ ሦስት ቀን ያቦካችውን ጭቃ አስመጣች፤ ከጎረቤቷ ከየሺወርቅ ጋር እየተሳሳቁ ግድግዳውን እስከ ወገቡ መረጉት።

ገሠሠ ተመልሶ ያንን ሲያይ እጁን አናቱ ላይ ጫነ። 

«እማ፣ የዚህ ቤት ልብሱ ቆዳው እኮ ነው።»

 ዘርፈሽዋል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸነፈጠችና መጥረጊያ አነሳች።

«የመረገ እጅ ማጠብም ያውቃል። ውኃ አቅርቡ።»

ሦስቱም ተረባርበው አጠቡት። ጭቃው ጡቡን ለቀቀ፤ ከየመገጣጠሚያው ግን አልወጣ አለ። ገና ውኃው ሳይደርቅ ደርቤ መጣ።

ፎቶውን ከግድግዳው ጋር ሲያስተያይ ብዙ ቆየ። ዘርፈሽዋል ጭቃ የነካው እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ከልጇ ኋላ ቆማለች። በመጨረሻ ደርቤ፣ በላይኛው ጡብ መሃል ያለው ሲሚንቶ አዲስነቱ ያስታውቃል፣ የታችኛው ግን ልክ እንደ ፎቶው ዕድሜ ጠገብ ይመስላል አለና በምን እንደሠሩት ጠየቀ።

«የእማ ጭቃ ነው» አለ ገሠሠ።

ደርቤ ታሪኩን ሲሰማ እስኪያነባ ሳቀ። የላይኛውም እንደታችኛው እንዲሆን አዘዘ፤ የቤቱንም ሥራ ለገሠሠ ሰጠው። ዘርፈሽዋል ግን አንድ ነገር ከንክኗታል፤ ውስጡም እንዲሁ ራቁቱን ሊያድር እንደሆነ ደርቤን ጠየቀችው።

«ኧረ እንግሊዞቹም ውስጡን ይለስኑታል፣ እማማ። የእኛን ውስጡን እርስዎ ይመርጉታል» አላት።

«እንዲያ ከሆነስ ጨዋዎች ናቸው» አለችና፣ የጤፍ ጭድ የተረፈው ሰው እንድትፈልግ የሺወርቅን ላከቻት።