በሰፈራችን ዕብድ የበዛበት ዓመት

ዕድሜዬን የፈጀሁት በሁለት ጥያቄ ነው፤ ደም ከአባት ወደ ልጅ ምን ያወርዳል፣ የሰው አእምሮስ ለምን ይታወካል። ግማሹን ዘመን የሕዝብን የዘር ውርስ ሳጠና፣ ግማሹን የአእምሮ ሕሙማንን ሳክም ኖርኩ። ተማሪዎቼ ከጀርባዬ «ጠርጣራው» ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ያህል ሕመምተኛ ተገኘ ሲሉኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ጠያቂው ማን ነበር፣ አጠገቡስ ማን ቆሞ ነበር ብዬ ነው። ይህን ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ አይደለም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ካጠናከረ በኋላ፣ በአምበር በኩል ወዳለው ሰፈራችን አንድ ሐኪም መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። አስተርጓሚና አስካሪ የሚባሉ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች አስከትሏል። የሰው ጣት እየወጋ ደም ይቀዳል፣ ራስ ይለካል፣ ከዚያ «አባትህ ማን ነው? የአባትህስ አባት? ከዘመዶችህ ያበደ አለ?» እያለ ያስጠይቃል። ደማችንን ምን ሊያደርገው ነው? በእኛ አገር ርስት የሚያዘው ዘር በመቁጠር ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቹ «ከመሬታችን ሊነቅለን ነው» አሉ። እኔ ደግሞ ዓይኔን ከአስተርጓሚው ላይ አላነሳሁም፤ ሰው ከተናገረው ይልቅ እሱ ለሐኪሙ የሚነግረው ይረዝም ነበር።

የዕብደቱን ነገር የጀመሩት ሽማግሌው ጎረቤታችን ናቸው። ሦስት ልጆቻቸው ጠመንጃ ይዘው ዱር ገብተዋል። አስተርጓሚው «አባቴ፣ ልጆችዎ የት አሉ?» ሲላቸው፣ ፊታቸውን አጥቁረው፣

«አብደውብኝ ጨርቃቸውን ጥለው ሄዱ» አሉ።

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም። ምን ላድርግ፣ አባቴንም እንዲሁ አድርጎት ነበር።»

ሐኪሙ በደስታ ቀላ። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ በማግስቱ ልጁ ዱር የገባበት ሁሉ ልጁን አሳበደ። ሐኪሙም በዘር የሚወርድ፣ ወንድ ወንዱን የሚመርጥ፣ ጠመንጃ መሸከም በሚቻልበት ዕድሜ የሚጀምር በሽታ አገኘ። እኛ እየተጠቃቀስን ሳቅን።

እውነቱን የተናገረችው እናቴ ብቻ ነበረች። ታላቅ ወንድሜ በእርግጥ ታሞ ነበር። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ከጓሮ ጎጆ አይወጣም፤ ከማይታይ ሰው ጋር ሲያወራ ይውላል፣ ለእኛ ግን አንድ ቃል አይመልስልንም። እናቴ ያላደረሰችው ጠበል የለም።

«ተይ እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች ለደግ አልመጡም» አልኳት።

«መድኃኒቱ እጁ ላይ ቢሆንስ?» አለችኝ፤ ሄዳም ሁሉንም ነገረችው። በጣም ተናደድኩባት።

የጦሩ አዛዥ ከሐኪሙ የተሻለ ተጠራጣሪ ነበር። ቢያንገሸግሸኝም ልመስክርለት፤ ጥናቱን በትክክል የተረዳው እሱ ነው። «ዕብድ የተባለ ሁሉ ሽፍታ ነው» አለና ዕብዶቹ ተለቅመው እንዲመጡ አዘዘ። ጎረቤቶቻችን ይህን እንደሰሙ ከብታቸውን እየነዱ ቆላ ወረዱ። እኔም እንሂድ ብዬ ለመንኳት። እናቴ ግን «የእኔ ልጅ እውነተኛ በሽተኛ ነው፤ ምን ያደርጉታል?» ብላ እምቢ አለች።

ወንድሜን አስረው ደብረ ማርቆስ ወሰዱት፤ ተከትለን ሄደን ከሽቦው አጥር ውጭ ቆምን። ኋላ እንደተረዳሁት አዛዡ እኛ በማንሰማው በጣሊያንኛ፣ ሰውየው በእርግጥ ካበደ እንደሚለቀቅ፣ ካስመሰለ ግን እንደሚረሸን ተናግሮ ፍርዱን ለሐኪሙ ተወለት። ዛሬ እኔ ብጠየቅ፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አንዳንዴ ጥርት የሚልበት ሰዓት እንዳለው፣ ያም መዳን እንዳልሆነ እናገር ነበር። ያ ሐኪም ግን በሰፈር ሙሉ ሰው የተታለለ፣ ያፈረ ሰው ነው። አስተርጓሚውን አቁሞ ይጠይቅ ጀመር።

«ስምህ ማን ነው?»

ወንድሜ ስሙን ከነአባቱ ተናገረ።

«ከየት ነህ?»

አገሩን ተናገረ።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ቅዳሜ ነዋ፤ ገበያ» አለና ፈገግ አለ። ዞር ሲል እናቴን ከአጥሩ ማዶ አያት። «እማዬ፣ ምን አቆመሽ? ፀሐዩ መታሽ እኮ፣ ጥላ ያዢ እንጂ» አላት።

እንዲህ ብሎ ካናገራት ስንት ዓመቱ። እናቴ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሐኪሙ ወደ አዛዡ ዞሮ የሆነ ነገር አለው፤ አስተርጓሚውም ማንም ሳይጠይቀው ወደ እኛ ጮክ ብሎ፣

«ጤነኛ ነው ብለዋል ሐኪሙ!» አለ።

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አስካሪዎቹ ወንድሜን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ምሽጉ ጀርባ ሲወስዱትም ገና እልል ትል ነበር።