ወደ ያቤሎ የዞረው ዲሽ

ነጌሌ ውስጥ ዲሽ የሚያስተካክል ሰው ምሥራቅና ምዕራብ አይልም። ጣሪያ ላይ የወጣው፣ ታች ቴሌቪዥኑ ፊት ለቆመው «ወደ ፊልቱ ነው ወይስ ወደ ያቤሎ?» ብሎ ይጮኻል። ወደ ፊልቱ ሲዞር የአገራችን ቻናሎች ይመጣሉ፤ ወደ ያቤሎ ሲዞር የዐረቦቹ። በልጅነቴ ሳተላይቶቹ ከሁለቱ ከተሞች በላይ ተሰቅለው የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር።

እኛ የራሳችን ዲሽ አልነበረንም። አባቴ ወታደር ስለሆነ ከካምፑ አጠገብ፣ በአንድ የጉራጌ ነጋዴ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ባለሱቁን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከሱቃቸው ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ ገመድ ስበው ሰጥተውናል። ሪሲቨሩ የየራሳችን ቢሆንም ዲሹ አንድ ነው፤ እሱ ወደ ዞረበት ሁላችንም እንዞራለን።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጠሙ። ጋሼ በራችን ላይ ቆመው እናቴን ጠየቋት።

«አሮጊቷ እናቴ እንደምታውቂው ከአልጋ አትወርድም። ጾሟን መካን እያየች መጨረስ ትፈልጋለች። ለወሩ ወደ ያቤሎ ላዙረው፣ ትቀየሚኛለሽ?»

«ለእሳቸው ያልሆነ ዲሽ ለማን ሊሆን ነው ጋሼ? እኛም ጾም ላይ ነን፤ ድራማው ይቆየን።»

ከዚያ በኋላ ነው አባቴ የደወለው። ለሰላም ማስከበር ከአገር ውጭ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ለፋሲካ መልካም ምኞት ሲያስተላልፉ እንደተቀረጹና በበዓሉ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአገራችን ቻናል እንደሚታዩ ነገረን። አባቴ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ለእናቴ «ለአንቺም አንድ ነገር ብያለሁ» አላት።

«ምን አልክ?»

«እዚያው ትሰሚዋለሽ።»

ለጋሼ ልንገራቸው ብል እናቴ ተቆጣች። «ይዙር ካልኩ በኋላ ይመለስ ልበል? የታመሙ ሴትዮ መካን እያዩ፣ በእኔ ምክንያት ይጥፋባቸው?» ካምፑ በር አካባቢ ወደምትኖር አንዲት የወታደር ሚስት ቤት ሄደን ልናይ ወሰንን።

በፋሲካ ዕለት ነጠላችንን ለብሰን በሩን ልንዘጋ ስንል ጋሼ ስኳርና ሙዝ ይዘው ከተፍ አሉ።

«አባወራው በሌለበት በዓል ቤት ይቀዘቅዛል ብዬ ነው የመጣሁት። ልትወጡ ነበር እንዴ?»

«የት እንሄዳለን ጋሼ፣ ይግቡ» አለች እናቴ። ነጠላዋን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

ጾመኛ ስለሆኑ የምናቀርብላቸው ነገር አልነበረም። እሳቸው ግን ሊያጫውቱን ቆርጠው ነው የመጡት። «ወጡን ክፈቺልኝና በዓይኔ ልብላ፤ ዓይን ጾም አይፈታም» አሉኝ። ከዚያ የዱብሉቅን መንገድ፣ የዘንድሮን የበግ ዋጋ፣ የሱቃቸውን አይጥ አወሩ። የግድግዳው ሰዓት ከእሳቸው ራስ በላይ ነበር፤ ቀና ባልኩ ቁጥር እናቴ ከንፈሯን ትነክስብኛለች።

«ቲቪውም ተዘግቷል» አሉ በመሐል። «በእኛ የተነሳ በዓሉ ያለ ዘፈን አለፈባችሁ።»

«የዘፈን ሱስ የለብንም ጋሼ» አለች እናቴ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አለፈም። ጋሼ ሶላት ደረሰ ብለው ሲነሱ እናቴ እስከ በሩ ሸኘቻቸውና ተመልሳ ነጠላዋ አጠገብ ተቀመጠች። እንሂድ አልኳት። «አሁንማ አልፏል» አለችኝ።

ሲመሽ አባቴ ደወለ።

«አያችሁኝ?»

«አየንህ። ከስተሃል» አለችው።

ሳቀ። «የተናገርኩትንስ?»

እናቴ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዞረች። «ሰማሁት።»

«እንግዲህ ያው ነው» አለ፤ ከዚያ ስለ ትምህርቴ ጠየቀ።

በማግስቱ ሁዳዴ ስላበቃ ወተት የምታመጣልን የቦረና ሴት ተመልሳ መጣች። ዕቃዋን ሳታወርድ «አካም፣ ናጋ? ያንቺ ሰውዬ ቲቪ ላይ ወጣ እኮ። ካምፕ ሰፈር ቁጭ ብዬ አየሁ። ስምሽን ጠራ፤ ሴቶቹ ሁሉ እልል አሉ» አለች።

እናቴ የወተቱን ጣሳ እያቀረበች «እኛም አይተናል» አለቻት። ሴትዮዋ ሱቅ ሄዳም ይህንኑ አወራች፤ ጋሼም የዚያኑ ዕለት ከሰዓት መጡ። ዲሹ የት እንደዞረ እሳቸው ያውቃሉ።

«ትናንት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ? እናቴ እኮ ባልሽን ‹የኔ ወታደር› እያለች ነው የምትጠራው፤ አብራሽ ባየች ነበር። ምናለ አንዲት ቃል ብትነግሪኝ?»

እናቴ ይቅርታ ጠይቃ ለአባቴ እንዳይነግሩት ብቻ ለመነቻቸው። ከኢድ በኋላ ጋሼ ለእኛ ብለው ሁለተኛ ዲሽ አስተከሉ። ዛሬም ሱቃቸው ጣሪያ ላይ አንዱ ወደ ፊልቱ፣ ሌላው ወደ ያቤሎ ጀርባ ለጀርባ ዞረው ይታያሉ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። መምህራችን ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ፣ በጣም ርቆ፣ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ለእኛ የቆመ እንደሚመስለን አስረዳን። ምስሉና ድምፁ ከምድር ይላክለታል፤ እሱ ተቀብሎ ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ሲመልስ ደግሞ ለአንድ ቤት ለይቶ ሳይሆን ለአገሩ ሁሉ ነው የሚበትነው። ማስታወሻ መያዜን አቆምኩ። ያን ቀን የአባቴ ድምፅ እኛ ቤት ቆርቆሮ ላይም ወርዷል ማለት ነው፤ ጋሼ አይጣቸውን ሲያወሩ።

ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩት። የበዓሉ ዝግጅት አለ፤ የወታደሮቹ ክፍል ግን ተቆርጦ ወጥቷል።

አባቴ ከተመለሰ ቆይቷል። ለእረፍት ስሄድ ከሥራ እስኪገባ ጠብቄ፣ ማእድ ቤት ገብቼ፣ እናቴን «ያን ቀን ምን እንዳለሽ ዛሬ እኔ ልጠይቀው?» አልኳት።

የሽንኩርት ቢላዋዋን ይዛ በበሩ በኩል አየችው። ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«ተዪው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰምቻለሁ ብዬዋለሁ።»