በበረከት አፍ የተናገርኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ በቤተ ክርስቲያን አብረውኝ ለሚጸልዩትም። ነገሩ የጌም ነው ስል ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። አንተ ግን፣ አንባቢዬ፣ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ እየጠበቅን ሳለ አራት ጓደኛሞች ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች ጌም ቤት እንውል ነበር። የምንጫወተው አሮጌ የፖሊስ ጌም ነው። አራት ሆነህ ወንበዴዎች ያሉበት ቤት ትገባለህ፤ በር ከመክፈትህ በፊት ታዳምጣለህ፤ ሰው ስታይ «እጅ ወደ ላይ!» ብለህ ትጮህና ትጠብቃለህ። እጁን ያነሳ ሰው ላይ ከተኮስክ የለፋህበት ሁሉ ገደል ይገባል። ሌላው ጌም ቶሎ ግደል ይላል፤ ይሄ ግን ታገስ ይላል። የወደድነውም ለዚህ ነበር። እኔ ችኩሉ እንኳ እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከሁላችን አብልጦ የሚወደው በረከት ነበር። በረከት ይንተባተባል። በጌሙ ግን አንድ ቁልፍ ሲጫን «እጅ ወደ ላይ!» የሚለው የጌሙ ወፍራም ድምፅ ሳይደናቀፍ ይወጣለታል፤ ሳይጮህ ተኩሶ አያውቅም። ከጌም ውጪ ደግሞ አንደበቱ እኔ ነበርኩ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ» የምልለት እኔ፣ ቃል ሲይዘው የምጨርስለት እኔ። ወድጄ ነበር የማደርገው፤ እሱም ያምነኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰሚት ልጆች ጋር ልንጋጠም ቀጠሮ ይዘናል። በመጨረሻው ልምምድ እኔና በረከት አንድ ክፍል ገባን። ወንበዴው መሣሪያውን ጥሎ እጁን አነሳ። እኔ ተኮስኩ። ለምን? ምክንያት የለኝም፤ ቸኮልኩ። እጅ የሰጠ ሰው መመታቱን የሚናገር ማስጠንቀቂያ በሁላችንም ስክሪን ላይ ወጣ፤ ማን እንደተኮሰ የሚያሳየው ውጤት ግን ሳይመጣ መብራት ጠፋ።

የቡድናችን አለቃ ናሆም ከወዲያኛው ኮምፒውተር ጮኸ። «ማነው እጅ የሰጠ ሰው ላይ የተኮሰው? ቅዳሜ ቁጭ ብሎ ያያል በቃ!»

በረከት ዞሮ አየኝ። ከዚያ ጀመረ፤ «እ... እኔ... እኔ...»

«‹እኔ ነኝ› እያለ ነው» አልኩ።

ማንም አልተጠራጠረም። ሁልጊዜ የምጨርስለት እኔ አይደለሁ? በረከት ሊያስረዳ ሞከረ፤ ቃሉ ያዘው፤ እኛም አልጠበቅነውም። ለወንበዴ ስንታገስ የኖርን ሰዎች ለጓደኛችን አንድ ዓረፍተ ነገር አልታገስንም። እኔማ ይባስ ብዬ «አይዞህ፣ ጌም ነው» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። አዎ፣ ይህንንም አድርጌያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጌም ቤት አልመጣም።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ወር፣ መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ አገኘሁት። አቅፎ ሳመኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ እየተንተባተበ፣ ሳይቸኩል። አንዱ ቃል ሲይዘው በልማዴ ልጨርስለት አፌን ከፈትኩ። በረከት «ቆይ» በሚል ዓይነት እጁን አነሳ። ከዚያ ራሱ ጨረሰው። ያኔ መናገር ነበረብኝ። የገርጂ ታክሲ መጣና ገባሁ።

ልጅነት ነው አልልም፤ ጌም ነውም አልልም። የተኮስኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ፣ ያውም በአንተ አፍ፣ በረከት። ይቅርታህን የምጠይቀው በኋላ ነው። መጀመሪያ ያኔ «እኔ» ብለህ የጀመርከውን ጨርሰው። የፈለገውን ያህል ይፍጅ፤ አፌን ዘግቼ እጠብቃለሁ።