ባለ መፍቻዋ መኪናዬን አልሸጥም ያለች ጊዜ

ታላቅ እህቴን እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ሰፈሩ ግን ባለ መፍቻዋ ይላታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር። ባሏ የሞተ ሰሞን የእሱን መኪና ራሷ እየነዳች ስትወጣ ያዩ ሰዎች፣ ወንበሯ ሥር የምታስቀምጠውን ትልቅ መፍቻ እየጠቆሙ ይሳሳቁባት ነበር። እሷም ሰማች፤ አልተቆጣችም። "ከባለ ምላስ ባለ መፍቻ ይሻላል" ብላ ስሙን ተቀበለችው። ውሎ አድሮ ቀልዱ ጠፋ፤ ስሙ ቀረ።

መኪናው አሮጌ ባለ ፎር ዊል ነው። አራቱም ጎማ ስለሚጎትት ሌላው መኪና የማይደፍረውን ጭቃ ይደፍራል። ከወንዙ ማዶ ድልድይ ያልደረሰላቸው መንደሮች አሉ። ምጥ የያዛት ሴት፣ የዱቄት ጆንያ፣ ትምህርት ቤት የሚገባ መምህር፣ ሁሉም የሚሻገረው በዚህ መኪና ነው። እትዬ ልጆቿን የምታሳድገውም በዚሁ ነው።

የባሏ ታላቅ ወንድም አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። መኪናውን ከሟቹ ጋር በጋራ ነበር የገዙት። ስለዚህ ከቀብሩ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ በሽማግሌ ፊት እንዲህ ተባለ፤ መኪናው እስከሠራ ድረስ እትዬ ትያዘው፤ የቆመ ቀን ግን ይሸጥና ይካፈሉት። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። የወንድማቸው ሚስት ወንዝ መሃል መኪና ይዛ ስትገባ እያዩ እንቅልፍ ስላጡ ነው እንዲሸጥ የፈለጉት። ቢሆንም መኪናው የሚቆምበትን ቀን የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ መኪናው ማንጠባጠብ ጀመረ። ከፊት የሚመጣው ረጅም ዘንግ ወደ ኋላው ዲፈረንሻል በሚገባበት ቦታ ላይ ዘይት የሚያግድ ክብ ጎማ አለ፤ መካኒኮች ኦይል ሲል ይሉታል። ዘይቱ የሚያመልጠው በዚያ ነበር። የሰፈሩ መካኒክ ቀየረው፤ አፈሰሰ። ደግሞ ቀየረው፤ ደግሞ አፈሰሰ። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

"እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ዲፈረንሻሉ አርጅቷል። ሽጪውና ተገላገይ" አላት።

"አንተም አርጅተሃል፤ ሚስትህ ሸጠችህ?"

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ፤ መካኒኩም ጭምር። ወሬው ግን ከእሷ ቀድሞ ጋሼ ቤት ደረሰ። በማግስቱ መጡና ወንበር እንኳ ሳይስቡ፣ "ገዢ አግኝቻለሁ። ቅዳሜ መጥቶ ያየዋል። ዘይት የሚያፈስ መኪና የቆመ መኪና ነው" አሉ።

"አልቆመም፣ ጋሼ።"

"ይቆማል።"

"እርስዎም እኔም አንድ ቀን እንቆማለን። እስከዚያ ግን እንሄዳለን።"

ወዲያው አዲስ ኦይል ሲል ገዝታ ወደ ጋራዡ ተመለሰችና ትልቁን የዳዶ ቁልፍና ብረት ስቦ የሚያወጣውን መጎተቻ በውሰት ጠየቀች።

"ምን ልታደርጊበት?" አለ መካኒኩ።

"ልፈታው ነዋ።"

"ይሄ እኮ ሽንኩርት መላጥ አይደለም።"

"አይደለም። ሽንኩርት ያስለቅሰኛል።"

ሰጣት። አንድ ምክርም ጨመረላት፤ ስለዚያ ምክር እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። "ዘንጉ ሲወጣ የምታገኚውን ትልቅ ዳዶ ሳትፈቺው ምልክት አድርጊበት። ስትመልሺው ከልክ በላይ ካጠበቅሽው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ይቃጠላል። ከላላ ደግሞ ጥርሶቹ ይበላላሉ።"

ሐሙስ ጠዋት ግቢ ውስጥ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አደረግን፤ ኋላውን በክሪክ አንስተን በወፍራም ግንድ ላይ አሳረፍነው። እትዬ የሟቹን ቱታ ለብሳ፣ እጅጌውን ጠቅልላ፣ "ጌታዬ፣ የማላውቀውን አንተ አሳየኝ" አለችና ካርቶን ላይ ተንጋላ ገባች። ዘይቱን አፈሰሰች። ዘንጉን ፈትታ በገመድ ወደ ጎን አሰረችው። ዘንጉን ፈትታ በገመድ ወደ ጎን አሰረችው። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች፤ ዳዶውን ሳትፈታ ዘንጉ የሚታሰርበትን ክብ ብረት በእጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ እያለች ደጋግማ አዞረችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ክብደቱን እጄ ይወቀው። ስመልሰው ያው መሆን አለበት።"

ዳዶው አልላቀቅ አለ። እኔ እንዳይዞር በብረት ወጥሬ ያዝኩ፤ እሷ የቁልፉ እጀታ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክታ ባላት ኃይል ተንጠለጠለችበት። "ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ!" ትለኛለች፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ እሷ ሆና። በድንገት ክራክ አለና ተፈታ። ክቡን ብረት በመጎተቻው ስባ አወጣች፤ አሮጌውን ጎማ በካቻቪቴ ነቀለችው። ጎማው የሚነካውን ብረት በጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰች፤ ለስላሳ ነው፤ አልተበላም። የአዲሱን ጎማ ከንፈር ዘይት ቀብታ፣ በእንጨት ዙሪያውን መታ መታ እያደረገች በእኩል አስገባችው። ዳዶውን እስከ ጭረቱ፣ ከጭረቱም የፀጉር ያህል አሳልፋ አጠበቀች። እንደገና ዓይኗን ጨፍና በእጇ አዞረች።

"ያው ነው" አለች። አዲስ ዘይት ሞላን፤ እስከ ወንዙ ነድታ ተመለሰች፤ ሥሩ ንጹሕ ካርቶን ዘረጋን።

አርብ ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጥቁር ክብ ነበር። ጋሼም ከክቡ አጠገብ ቆመው ነበር።

"አየሽ?" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አልነበረም። "ልፋትሽን አይቻለሁ። በቃሽ። ነገ ይሸጣል።"

እትዬ ካርቶኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን እያሰበች ነበር። "ሳልነዳው የዋለ ቀን ጠብ አይልም" አለች ለራሷ። "ሲሞቅ ብቻ ነው።" ብድግ ብላ ሞተሩን አስነሣች፤ ጥቂት ነድታ ተመለሰችና ገና በሙቀቱ ሥሩ ገብታ የዲፈረንሻሉን የዘይት መሙያ ቡሎን ላላ አደረገችው። እንደ ለስላሳ ጠርሙስ ፉሽ አለና ትኩስ አየር ፊቷን ገረፋት። የጸሎቷ መልስ የዘይት ሽታ ነበረው።

"ታፍኖ ነው!" አለች። "ሲሞቅ የሚያብጠው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን ይገፋል። ጎማው ምን ያድርግ?"

ዲፈረንሻሉ ላዩ ላይ አየር የሚወጣበት ጠባብ መተንፈሻ አለው። እጇን ሰድዳ ዳሰሰችው። ጨርቅ ተጠቅጥቆበታል፤ ጨርቁ በሰም ተደፍኗል፤ ሰሙ በክር ተጠምጥሟል። አንገታችንን አስግገን አየን። የማን እጅ እንደሆነ ሦስታችንም አወቅን፤ ክር እንደዚያ የሚቋጥረው ሟቹ ብቻ ነበር።

"እንዳትነኪው!" ብለው ጋሼ ጮኹ። "ወንዙ ሲሞላ ውሃ እንዳይገባ ብሎ ወንድሜ የደፈነው ነው! አጠገቡ ቆሜ ነው የደፈነው። እሱ ያላወቀውን አንቺ ልታውቂ ነው?"

እትዬ ከመኪናው ሥር ሳትወጣ መለሰች። "ክረምት ሲገባ ሲደፍን እርስዎ አይተዋል። ወንዙ ሲጎድል ደግሞ እዚህ ሥር ሲገባ እኔ አይቻለሁ። ግራሶ የሚቀባ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሊከፍተው ኖሯል። ይሄን በደፈነበት ክረምት ሞተ፣ ጋሼ። የሚከፍተው አልነበረም።"

ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከአቋማቸው ግን ፈቀቅ አላሉም። "ይሁን! የሟች እጅ ያሰረውን አትፈቺም። ደግሞስ ውሃ ቢገባበት?"

"ያወቀውን አስተምሮኛል፣ ነፍሱን ይማረው። ያላወቀውን ደግሞ ለእኔ ትቶልኛል" አለችና ክሩን በቢላ በጠሰችው።

መተንፈሻው ላይ ቀጭን የጎማ ቱቦ ሰካች። ቱቦውን በሻንሲው ላይ እያሰረች፣ ጫፉን የወንዙ ሙላት ከማይደርስበት፣ ከነዳጅ መሙያው ጎን አፉን ወደ ታች ቆልምማ ሰቀለችው። "አሁን ወንዙ እንደፈለገ ይሙላ፤ አፍንጫው ላይ አይደርስም!" ጋሼ ሳይሰናበቱን ወጡ። እሷ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታሻግር ዋለች።

ቅዳሜ ገዢው ከጋሼ ጋር መጣ። መኪናው ሥር ገብቶ በጣቱ ዳሰሰና፣ "ደረቅ ነው እኮ! አሁንማ ጨምሬም እገዛዋለሁ" አለ።

"ሰማሽ? መሸጥ እንዲህ በደህናው ጊዜ ነው" አሉ ጋሼ።

እትዬ መሪው ላይ ተቀምጣ ነበር። "ጋሼ፣ በሽማግሌ ፊት ምን ተባባልን?"

"እሱማ..."

"የቆመ ቀን ይሸጣል ተባባልን።" ቁልፉን አዞረችው፤ ሞተሩ ተነሣ። "ቆሟል?"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ለአንቺው ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። ቆሟል ወይ?"

ከግቢው ውጭ ተሳፋሪዎቿ ተሰልፈዋል። አንዲት ባለ ጆንያ ሴት፣ "ኧረ ባለ መፍቻዋ፣ ፀሐይ ፈጀን እኮ!" ብላ ጮኸች። ጋሼ መጀመሪያ ገዢውን፣ ቀጥሎ ካርቶኑን፣ ከዚያ እሷን አዩ።

"አልቆመም" አሉ።

ሄደው የግቢውን በር የከፈቱላት ራሳቸው ናቸው። ፊታቸው እንደተኮሳተረ ነበር። መኪናው በአጠገባቸው ሲያልፍ፣

"ወንዙ ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ!" ብለው ጮኹ።

"ቀስ ካልኩማ ይወስደኛል!" አለችና ነዳችው።