እጇን ያላነሳችበት ዱዓ

አያታቸውን «አኮ» የሚሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው ያስጀመሩኝ። «አኮ፣ አክስታችን ጊኒር ልትወሰድ የነበረ ዕለት ምን ሆነ? ንገሪን» ብለው ያዙኝ። እኔ ወሬ ስጀምር ከጎባ ተነስቼ ዲንሾ ሳልደርስ አልመለስም፣ እንግዲህ ታገሡኝ። ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ አወራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች።

አክስታቸው የመጨረሻ ልጄ ናት። «አዮ» ብላ፣ እናቴ ማለት ነው፣ የጠራችኝ አራት ዓመት ሞልቷት ነው። በእግሯም የቆመችው ዘግይታ ነው። ያኔ እኛ «አላህ የሰጠን ናት» እንል ነበር፤ ጎረቤት የሚለውን ግን አላስጽፍም። አሁን ሐኪሞቹ «የአእምሮ እድገት ውስንነት» ይሉታል። ስሙ ረጅም ነው፣ ልጅቷ ግን ያው ልጅቷ ናት።

አስቀድሜ አንድ ጥፋቴን ልናገር። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆናት ዲንሾ ዘመድ ቤት ሠርግ ይዣት ሄድኩ። ብርዱ! የሟቹ ባለቤቴ ፈረስ እንኳ ያን ቀን ጆሮው ደርቆ ነበር። አንዲት ትልቅ ሴትዮ እጇን ይዘው ወደ ውስጥ ሊያስገቧት ሲሉ «ላኪ! ላኪ!» ብላ ጮኸች። በኦሮምኛችን እምቢ ማለቷ ነው። ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አየን። «እሷን ደግሞ ምን ይዛት ትዞራለች?» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦ ስሰጣት «እሺ በይ» ማለት ጀመርኩ። እሺ እስክትል ዳቦው እጄ ላይ ይቆያል። ዱዓ ሲደረግም መዳፏን እኔው ዘርግቼላት «አሚን በይ» እላታለሁ። ዓመት ሳይሞላ ጨዋ ሆነች። አሚን ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የሷ ድምፅ ሆነ። ሰዉ «ምን ያለች ታዛዥ ልጅ ናት!» ሲለኝ እኮራ ነበር። ላኪ የሚለውን ቃል የነጠቅኳት እኔ ነኝ።

አድጋ ትልቅ ሴት ከሆነች በኋላ ሮቤ ላይ እንደሷ ላሉት ማዕከል ተከፈተ። ገብስ ይለቅማሉ፣ ይቆላሉ፣ በሶና ቆሎ በከረጢት ያሽጋሉ። አሰልጣኟ ወጣት ሴት ናት። የመጀመሪያ ዕለት ልጄን «ምን መሥራት ደስ ይልሻል?» ብላ ስትጠይቃት እኔ መለስኩላት።

«እማማ፣ እርስዎን እኮ አልጠየቅኩም» አለችኝ እየሳቀች።

ተቀየምኳት፣ ምን ይደበቃል። መጀመሪያ ሰሞን ከልጄ ጋር ከጎባ ሮቤ በሚኒባስ አብሬ እመላለስ ነበር። ኋላ አሰልጣኟ ብቻዋን መሄድ አስለመደቻት። ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች፤ ረዳቱ «ሮቤ! ሮቤ!» ሲል ትጠጋለች፤ የፊት ወንበር ከተያዘ ግን አትገባም፣ ሌላ መኪና ትጠብቃለች። ረዳቶቹ «ሹሟ መጣች፣ ጋቢናውን ልቀቁ!» ይሉ ነበር።

እንዲህ እያለን ደም ግፊት ጣለኝና ሆስፒታል ተኛሁ። ስወጣ አንደኛው እጄ እንደ ድሮው አልታዘዝ አለኝ። ጊኒር ከብት የሚነግደው የመጀመሪያ ልጄ ሰማና በአንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በራሱ መኪና መጣ። ክፉ ልጅ አይደለም። ልጅ እያለ እህቱን የሰደበበትን ሁሉ ሲደበድብ ነው ያደገው።

«አዮ» አለኝ፣ «አንቺ ዛሬ አለሽ፣ ነገ አላህ ነው የሚያውቅ። እህቴን ልውሰዳት። ግቢዬ ግንብ ነው፣ በሩ ብረት ነው። ከበር ሳትወጣ ሁሉን እያገኘች ትኖራለች።»

ከበር ሳትወጣ ያለው አልተዋጠልኝም። ግን ሞትን ፈርቼ ነበርና ሽማግሌ እንጥራ አልኩት።

በኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ፊት ነው የሚያልቀው። ሰፈሩ የሚያከብራቸውን አንድ ሼኽና ሁለት ጎረቤቶች ጠራን። ዱዓ ከተደረገበት በኋላ ነገሩ አለቀ፤ ማንም አይመልሰውም። አሰልጣኟም እንዴት እንደሰማች እንጃ፣ ከሮቤ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ልጄ ከግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ነበረች። ከራሷ በላይ ሰማያዊ ቦርሳዋ ተሰቅሏል።

ሁሉም የወንዱን ልጄን ሐሳብ ካደነቁ በኋላ አሰልጣኟ «እሷስ ተጠየቀች?» አለች።

«ለምን አትጠየቅም?» አለ ልጄና ወደ እህቱ ዞረ። «ጊኒር እኔ ጋ ትሄጃለሽ?»

«እሺ።»

«ሰማችሁ?»

አሰልጣኟም ዞረችላት። «ይህን በር ነቅለን ጣሪያ ላይ እንስቀለው?»

«እሺ።»

«ሼኹን በጋሪ ጭነን ለጅብ እንስጣቸው?»

«እሺ።»

ጎረቤቶቹ በሳቅ ወደቁ። ሼኹም «ኧረ እኔን ጅቡም አይቀበለኝ፣ አጥንት ብቻ ነኝ!» አሉ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ያ እሺ የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ዳቦ ይዤ ያስጠናኋት እሺ ነው።

ልጄ አልሳቀም። «ቀልድ ነው እንዴ የተያዘው? መኪናዬ ውጭ ቆሟል፣ ሳይመሽ መድረስ አለብኝ።»

«ቀልድ አይደለም» አለች አሰልጣኟ። «ለሁሉም ነገር እሺ ነው የምትለው። ጊዜ ይሰጣት። ጊኒር ሄዳ ጥቂት ቀን ትቀመጥ፣ ትመለስ፣ ከዚያ ሁለቱን አይታ ትንገረን። ቃል ካጣች በሌላ መንገድ ትነግረናለች።»

«እህቴ፣ አንቺ ለደመወዝሽ ነው፣ እኔ ለሥጋዬ ነው» አላት። አሰልጣኟ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ሁሉም ወደኔ አዩ፤ እናት ናትና ትናገር ብለው ነው። እኔም የተሸበሸበውን የነጠላዬን ጫፍ አየሁ።

«እንግዲህ ዱዓ እናድርግ» አሉ ሼኹ።

መዳፎች ተዘረጉ። የሼኹ ዱዓ በአጭርነቱ የታወቀ ነው፤ ሰርግ ላይ እንኳ «የሼኹ ዱዓ ወጡ ሳይበርድ ያልቃል» ይባላል። የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለ። ዝናቡን በጊዜው አምጣልን አሉ። አሚን። ገብሱን ከውርጭ ጠብቅልን አሉ። አሚን። የጊኒርን ከብት፣ መንገደኛውን፣ በሽተኛውን። አሚን፣ አሚን። እኔ ወይ ቶሎ አልቆ ቢገላግለኝ እላለሁ፣ ወይ ባያልቅ እላለሁ። የማትታዘዘዋን እጄን በደህናዋ ደግፌ ይዣታለሁ።

አንድ ነገር የጎደለ መሰለኝ። አሚን ሲባል ቀድሞ የሚሰማው ድምፅ የለም። ቀና አልኩ።

ልጄ እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከታ ተቀምጣባቸዋለች። በሙሉ ክብደቷ። ከንፈሯን ነክሳለች፣ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ መዳፏን ሳታነሳ ዱዓ ያለፋት ቀን የለም።

ሼኹ «ይህችንም ልጅ...» ብለው ጀመሩ። እሷ ላይ ደረሱ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ አንድ አሚን ብቻ ነው የቀረው። ሴት ልጅ የሽማግሌ ዱዓ ስታቋርጥ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ግፊቱ ተመልሶ ሊጥለኝ መሰለኝ።

«ሼኼ፣ አፉ ይበሉኝ! ያቁሙ!»

«አዮ!» ብሎ ልጄ ብድግ አለ።

«እጇን እዩ» አልኩ። «እጇን እዩላት።»

ሁሉም አዩ። ሼኹ መዳፋቸውን ቀስ ብለው አወረዱና «ልጄ፣ ለምን እጅሽን አላነሳሽም?» ብለው ጠየቋት።

ወንድሟ ሊናገር ሲል ሼኹ በጣታቸው አስቆሙት። ጠበቅን። ውጭ የጋሪ ፈረስ ቃጭል መጥቶ አልፎ ሄደ። አሁንም ጠበቅን። እኔ ልመልስላት አፌ እየበላኝ ጥርሴን ገጠምኩ።

«ነገ ገብስ አለ» አለች።

«የት?»

«ሮቤ።»

«ጊኒርስ?»

ወደ ወንድሟ አየች፣ ወደኔ አየች። «ላኪ» አለች፣ ቀስ ብላ። ከዲንሾው ሠርግ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ልጄ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። መኪናውን ሲያስነሳ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሁለት ወር ስልክ አላነሳልኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር አልልም። ማዕከሉ በየሳምንቱ ሰው እየላከ ምግብ ማብሰልና መድኃኒቴን መለየት አስተማራት። እኔ ስሞት ማን እንዲያግዛት እንደምትፈልግ ጠይቀዋት ከኛ ሦስተኛው ቤት ያለችውን ጎረቤት መረጠች፤ እኔ ብሆን እሷን አልመርጥም ነበር። አንዴ የፊት ወንበር ፍለጋ የዲንሾ መኪና ገብታ ቀኑን ሙሉ አስለቅሳኛለች፤ ስትመለስ «ጋቢናው ባዶ ነበር» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው። ወንድሟም ቀስ በቀስ ተመለሰ። አሁን ሲመጣ «ሹሟ፣ ሻይ ልጋብዝሽ?» ይላታል። ካልፈለገች ላኪ ትለዋለች፤ አንዳንዴም እንዲሁ ለመሳቅ ትለዋለች።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ሼኹ ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ስላቋረጥኳቸው ዱዓ ዳግመኛ ይቅርታ ለመንኳቸው።

«የኔ ዱዓ ስንት ቃል ነው?» አሉኝ።

«አጭር ነው፣ ሼኼ። ያን ቀን ብቻ ረዘመ።»

እያሳሉ ሳቁ። «እጇን ያየሁት ገና መዳፌን ስዘረጋ ነው» አሉኝ። «እናቷ እንድታይላት ብዬ ዝናቡን ጠራሁ፣ ገብሱን ጠራሁ። ከብቱም አለቀብኝ። አንቺ ግን ቀና አትዪም።»