ሩክያና ሎሚ በሁለት ክፍል

ሩክያ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው የመጣችው። ዛሬ ነቀምት፣ ጨለለቂ ሰፈር ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ፊደል የቆጠረችው ስሟን እስክትጽፍ ነው፤ የተማረ ሰው ፊት ምላሷ ይታሰራል። ከሎሚ ጋር ሲሆን ግን አፏ አያርፍም። ሎሚ አጠገቧ ቅቤ ትሸጣለች፤ ለሁለቱ አንድ ሬዲዮ ነው ያላቸው። ምርጫ ሲመጣ የተወዳዳሪዎቹን ንግግር አብረው ይሰማሉ። አማርኛው ሲወሳሰብ ሩክያ ታፍታታለች፣ ኦሮምኛው ሲጠልቅ ሎሚ። ከዚያ ይጨቃጨቃሉ። ተጨቃጭቀው ሳይጨርሱ አንዷም ሐሳቧን አትቆርጥም።

ሰኞ ለት ሞሲሳ የሚባል የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ መጣ። ሰው የፖለቲካ ንግግር እንዴት እንደሚሰማ አጠናለሁ አለ። ሁለቱም ደስ አላቸው፤ ማን ጠይቋቸው ያውቃል። በቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ብሔር ተጠየቁና ሎሚ ወደ ቀኝ ክፍል፣ ሩክያ ወደ ግራ ተባሉ።

«ለምን ለያያችሁን?» አለች ሩክያ፣ አንገቷን ደፍታ።

«አዴ ሩክያ» አለ ግራው ክፍል ውስጥ የተቀበላት ሞሲሳ፣ ወይዘሮ ማለቱ ነው፤ «ለጥናቱ ነው። አማራው እንዴት ሰማው፣ ኦሮሞው እንዴት ሰማው፣ እሱን እናወዳድራለን።»

«እኔ ከሎሚ ጋር ነው የሰማሁት።»

«እሱ እዚህ ወረቀት ላይ መጻፊያ ቦታ የለውም» አለ ሞሲሳ። «ባለፈው ወር የተላለፈው ንግግር፣ እንደ አማራ፣ አስፈርቶዎታል?»

ንግግሩ የተላለፈ ለት ሁለቱም ዕቃቸውን ሸፍነው ነው በጊዜ ቤታቸው የገቡት።

«ፈርቻለሁ። ሎሚም ፈርታለች። አንድ ላይ ነው የፈራነው፣ እሱን ጻፍ።»

«የእሷን እዚያ ይጠይቋታል። አይስጉ፣ ስምዎ አይጻፍም።»

«ስሜን ጥለህ ብሔሬን ብቻ ይዘህ ልትሄድ ነው?» ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሳች።

«አዴ፣ ይመልሱልኝ እንጂ።»

«መጀመሪያ ስታስፈርመኝ፣ ካልፈለጉ መተው ይችላሉ ብለህ የለ? ተውኩት።»

ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ሎሚ ደጅ ቆማለች። «ማል ሲ ጋፈተኒ?» አለቻት፣ ምን ጠየቁሽ ማለቷ ነው።

«ፈርተሻል ወይ አሉኝ። አንቺንስ?»

«በንግግሩ ኮርተሻል ወይ ነው ያሉኝ። መፍራቴን ማን ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽ ታዲያ?»

ሎሚ መሬት መሬት አየች። «ዝም ስል፣ ጠያቂው አዎ ብሎ ሞላው።»

ሩክያ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። «ነይ። ያንቺም ወረቀት ይውጣ።»

ተያይዘው ወደ ቀኙ ክፍል ገቡ፤ ሩክያ ከፊት።